ከስቶክሆልም መጥቼ ከጓደኛዬ ጋር ያመሸሁባት ቅዳሜ

ሐምሌ ላይ ፈቃድ ወስጄ አዲስ አበባ ገባሁና ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጋር ተገናኘን። ስቶክሆልም ቢሆን በዛ ሰዓት ወይን መግዛት አይታሰብም፣ የመንግሥት መጠጥ ሱቅ ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ እሁድማ ጭራሽ አይከፈትም።

የጀመርነው ቦሌ መንገድ ላይ አንድ ላውንጅ ነው። ሙዚቃው ከመጮሁ የተነሳ ጆሮ ለጆሮ ካልተጠጋን አንሰማማም፣ ቢሉ ሲመጣ ደግሞ ሜኑው ላይ ያልተጻፈ 15 ፐርሰንት ቫትና 10 ፐርሰንት ሰርቪስ፣ በዛ ላይ ያላዘዝነው ውሃ ተደምሮበታል። በጣም ነው የተናደድኩት! ውሃውን አስቀንሰን ወጣን።

"ፒያሳ እንሂድ" አልኩት።

"የቱ ፒያሳ?" አለኝ።

ዝናቡ ሲወርድ ባለታክሲው 600 ብር አለን፣ አፑ ላይ 280 ምናምን ነበር የሚለው፣ ጓደኛዬ ሊከራከር ሲል በቃ እንግባ አልኩት። ደርሰን ስንወርድ ግን ጥያቄው ገባኝ። ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር የለም። በ2016 ሲፈርስ ቪዲዮውን አይቻለሁ፣ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው፣ ድራፍት ለመጠጣት ተጋፍተን የምንገባባቸው ቤቶች የነበሩበት ቦታ አሁን ሰፊ መንገድና መብራት ነው። መንገዱ ያምራል፣ የዓድዋ ሙዚየሙም ማታ በመብራት ግርማ አለው፣ ግን ያ ሁሉ ሰው የት ገባ? ጣይቱ ሆቴል አለች፣ የ1898ቷ፣ ጥር 2007 ላይ እሳት የጃዝ ክለቡን ጃዝአምባን የበላባት። እሷን ሳይ ትንሽ ተጽናናሁ።

ወደ ታች ወርደን አንድ ጠጅ ቤት ሳይዘጋ ደረስንበት። ወንበሩ ሞልቶ ነበር፣ አንድ ሽማግሌ "ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ እንላለን" ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልን። አስተናጋጇ "ደረቅ ነው ለስላሳ?" አለችን፣ ደረቅ አልናት። ከማንቆርቆሪያው ወደ ብርሌው ስትቀዳ አረፋው አንገቱ ጋ ይቆማል፣ አንድ ጠብታ አታፈስም፣ ብርሌውን ባንገቱ ይዘህ ስታነሳው መጀመሪያ የሚመጣው የጌሾው ሽታ ነው። ስቶክሆልም ጠጅ እንጥላለን እኮ፣ ማሩም ጌሾውም አለ፣ ግን እንደዚህ ወጥቶልን አያውቅም። ሽማግሌው ቆሎ እየዘገኑ ሰጡን፣ ስለ ድሮዋ ፒያሳ አወሩን፣ ከሁሉ ከሁሉ ያስደሰተኝ እሱ ነው።

ካዛንቺስም ስለፈረሰ አዝማሪ ቤት ፍለጋ ብዙ ዞርን። ያገኘናት ጠባብ ናት፣ ማሲንቆ መቺው ፊታችን መጥቶ ቆመ፣ ጓደኛዬ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሹክ አለውና፦

"በረዶ አገር ሄደህ እጅህ ቢቀዘቅዝ፣
ከጓደኛህ ጎን ሁን ትንሽ ሙቀት ያዝ።"

ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ግንባሩ ላይ ብር ለጠፍኩለት፣ እንባዬም መጣ።

ልክፈል ስል ጓደኛዬ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ተነስቶ ቀድሞ ከፍሎ ኖሯል። ስዊድን የየራሳችንን ነው የምንከፍለው፣ እኔም ለምጄዋለሁ፣ ግን ይሄኛው አመመኝ፣ ምክንያቱም ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ተነስቶ ከ100 በላይ ሲገባ የሱ ደሞዝ ፈቅ አላለም። ያን ቀን ያወጣው የሳምንት አስቤዛው ነው የሚሆነው። ብሩን ኪሱ ልከትለት ብል "አፈር ስሆን፣ እዛ ስመጣ አንተ ትከፍላለህ" አለኝ። ቪዛ ሁለቴ ከልክለውታል። ቤት የገባነው 8 ሰዓት ሆኖ ነው፣ እስከዛ አንዴም አልተነጫነጨም።

እሁድ ከሰዓት የግብዣ ደብዳቤውን መጻፍ ጀመርኩ፣ የባንክ ስቴትመንቴንና የቤት ኪራይ ውሌን አያይዤዋለሁ፣ አሁን የፓስፖርቱን ኮፒ እንዲልክልኝ ነው የምጠብቀው።