ሽበት መሳዩ ተክል፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የአንድ ዓመት ማስታወሻ

ስፓኒሽ ሞስ የሚባለውን፣ እንደ ሽበት የሚንጠለጠል ግራጫ ተክል ማሳደግ ከጀመርኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ግማሹ እኔ ጋ ደሴ ነው፤ ግማሹ እህቴ ጋ ኮምቦልቻ። ተክል የምትወዱ ጓደኞቼ «እንዴት አቆየሽው?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ከርማችኋል። ደብተሬን አውጥቼ የሆነውን ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ከየጎፍ ነው። ካቻምና ግንቦት ላይ ከኮምቦልቻ በላይ ወዳለው የየጎፍ ደን ወጣን። ያረጁ ጽዶች ቅርንጫፍ ላይ ግራጫ ጢም የሚመስል ነገር ተንጠልጥሎ አየሁ። ፎቶ ላይ የማውቀው ስፓኒሽ ሞስ ነው አልኩ። መሬት ከወደቀው አንድ እፍኝ ይዤ መጣሁ። መስኮት ላይ ሰቅዬ በየቀኑ ውሃ እረጨው ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው ተሰባብሮ አለቀ።

ዓምና ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ ችግኝ ከሚሸጥ ሰው እውነተኛውን ገዛሁ። ያኔ ነው ልዩነቱ የገባኝ። የየጎፉ ኡስኒያ ይባላል። ሰው የዛፍ ሽበት የሚለው ነው። ተክል አይደለም። እንደ ድንጋይ ሽበት ሁሉ ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ነገር ነው። ስፓኒሽ ሞስ ደግሞ ስሙ ሞስ ይባል እንጂ አበባ የሚያብብ ተክል ነው፣ ያውም የአናናስ ዘመድ። ሳይንሳዊ ስሙ ቲላንድሲያ ኡስኒዮይደስ ነው፤ ሁለተኛው ቃል «ኡስኒያ የሚመስል» ማለት ነው። የሁለቱ መመሳሰል ስሙ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። በጣት ግን አያሳስትም። ከኡስኒያ አንድ ክር ውሰዱና ውሃ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት። ውጭው እንደ ዶቃ ይቆራረጥና መሃሉ ላይ ነጭ ጅማት ይታያል። ጅማቱ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ከስፓኒሽ ሞስ አንድ ክር ውሰዱና በጥፍራችሁ ግፈፉት። ግራጫው ቆዳ ይወልቅና ጥቁር ክር ይቀራል፤ ልክ የፈረስ ጭራ። ይሄ ብዙም አይለጠጥም። አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ተክሉን እንደ ቃጫ ዘፍዝፈው ቆዳውን ካበሰበሱ በኋላ ይህን ጥቁር ክር ለፍራሽና ለመኪና ወንበር መሙያ ይጠቀሙበት ነበር። ሌላም ምልክት አለ። ኡስኒያ ግርጌው ከዛፉ ቅርፊት ጋር ተጣብቆ ነው የሚያድገው። ስፓኒሽ ሞስ ዝም ብሎ ነው የሚንጠለጠለው።

ጎረቤታችን እማማ ቡና ልትጠጣ መጥታ አየችው። «ልጄ፣ ተቀጽላ ቤት ታስገቢያለሽ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። የጓሮዋን ኮክ ተቀጽላ ነው ያደረቀባት። ተቀጽላ ሥሩን ዛፉ ሥጋ ውስጥ ሰድዶ ይመጠምጠዋል። ይሄ ግን ካደገ በኋላ ሥር የሚባል ነገር የለውም። ዛፉን መስቀያ ብቻ ነው የሚያደርገው። ውሃና ምግቡን ከዝናብ፣ ከጉምና ከአቧራ ይወስዳል። እማማን ለማሳመን ደረቁን ክር ሳህን ላይ አድርጌ ውሃ አፈሰስኩበት። ግራጫው ዓይናችን እያየ አረንጓዴ ሆነ። ቅጠሉን የሸፈኑት ትንንሽ ቅርፊቶች ሲደርቁ ብርሃን ይመልሳሉ፣ ለዚህ ነው ግራጫ የሚመስለው። ውሃ ሲጠጡ ተኝተው ብርሃን ያሳልፋሉ፤ ከሥር ያለው አረንጓዴ ይታያል። «ሱብሃን አላህ» አለችና ክሩን አንስታ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች።

ወደ እንክብካቤው ልምጣ። መጀመሪያ የሰቀልኩት ከኤሌክትሪክ ገመድ በወጣ የመዳብ ሽቦ ነበር። ለዚህ የተክል ቤተሰብ መዳብ መርዝ ነው። ሽቦው የነካው ቦታ ጠቆረ። በናይለን ክር ቀየርኩት። ውሃው የዝናብ ውሃ ነው፤ ከጣራ በባልዲ አጠራቅማለሁ። የቧንቧችን ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ያ ቅርፊት ቅጠሉ ላይ ቢቀመጥ መጠጫውን ይደፍነዋል ብዬ ፈራሁ። ማዳበሪያ በወር አንዴ፣ በጣም ቀጥኖ።

ትልቁ ኪሳራ የደረሰብኝ ክረምት ላይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን ልብስ እንኳ ሦስት ቀን አይደርቅም። እኔ ግን በበጋው ልማዴ ቀጠልኩ፦ ማታ ከሥራ ስገባ ነከር አድርጌ እሰቅለዋለሁ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ጥቅሉን ስገልጠው መሃሉ ቡናማ ሆኖ፣ የበሰበሰ ጎመን ይሸታል። ሲሶው ሄደ። በጣም ነው ያዘንኩት።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አወፍሬ ስለጠቀለልኩት አየር መሃሉ አይደርስም ነበር። ሁለተኛ፣ ይህ ተክል እንደ ብዙ ተክሎች ቀን ቀን አይደለም አየር የሚያስገባው፤ የቅጠሉን ቀዳዳ የሚከፍተው ሌሊት ነው። ሌሊቱን ርጥብ ሆኖ ካደረ ይታፈናል። አሁን የምነክረው ጠዋት ነው፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል። ከዚያ አራግፌ ነፋስ ያለበት በረንዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። አራት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ መድረቅ አለበት። ጉም ባለበት ሳምንት ጭራሽ አልነክረውም፤ ከአየሩ ይበቃዋል። ጥቅሉንም በታትኜ ሳሳ አደረግሁት፣ ለፈትል እንደተዘጋጀ ጥጥ። ይህን ተክል ከማጠጣት በላይ ማድረቅ ነው የሚያቆየው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ያዙልኝ።

ኮምቦልቻ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ቁልቁል ወርዳችሁ 1,850 ሜትር አካባቢ ትገባላችሁ። ሙቀቱ ሌላ ነው። የእህቴ ጥቅል ግንቦት ላይ ቀጥታ ፀሐይ መትቶት ጫፉ እንደ ገለባ ሆነ። ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር አዛወረችውና በሳምንት ሦስቴ፣ አንዳንዴም አራቴ ትነክረዋለች። ክረምቱን ግን ከእኔ በተሻለ አሳለፈችው። ሙቀትና ነፋስ ስላለ ቶሎ ይደርቅላታል።

ደጅ ለምትሰቅሉ አንድ አደራ አለኝ። ስፓኒሽ ሞስ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። የአናናስ ቤተሰብ በጠቅላላ ከዚያ ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ በተፈጥሮው የሚገኘው አንድ ዝርያ ብቻ ነው፣ እሱም ምዕራብ አፍሪካ ጊኒ አካባቢ። ስፓኒሽ ሞስ ከተቆረጠች ትንሽ ክር ራሱን ይተካል፤ ነፋስና ወፍ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ጓሮ ውስጥ፣ ከታሰረበት ስፍራ አይውጣ። ደን ውስጥ አትስቀሉት። የየጎፍን ኡስኒያም ከዛፉ ላይ አትልቀሙት። በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ቤት ውስጥም አይኖርም፣ እኔ አይቼዋለሁ።

ባለፈው እሁድ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት። ስገዛው ረጅሙ ክር 40 ሴንቲ ነበር፤ አሁን 52 ደርሷል። የእህቴ 57 ነው። አበባ ገና አላየንም። አበባው አንድ ሴንቲ ገደማ ብቻ የሆነ፣ ቀለሙ ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ነው፣ ሽታው ሌሊት ይጎላል ይባላል። ማታ በሩን ከመዝጋቴ በፊት በረንዳው ላይ ቆም ብዬ አሸትታለሁ።