ሩን የት እናድርጋት?

የኬጂ ክፍል ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያምረው ለትልቅ ሰው ነው። የፊደሉ ገበታ፣ ፍራፍሬው፣ የእንስሳቱ ሥዕል ሁሉ ከእኛ ዓይን ትይዩ ይሰቀላል። የአራት ዓመት ልጅ አንገቱን ካልሰበረ አያየውም። ልንካው ሲል ደግሞ «ተው፣ ይቀደዳል!» ይባላል። ዘንድሮ የክፍላችንን የኋላ ግድግዳ ለልጆቹ ለቀቅኩላቸው። ደስታው ለራሴም ተርፏል፣ ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው ቺፕውድ ነው። አናጺ ክብ ክብ ቀዳዳ በሳልኝ። የሃይላንድ አንገት፣ ክዳኑ የሚዞርበትን ጥርስ ሳንነካ ቆርጠን፣ በየቀዳዳው አስገብተን ከኋላ በማስቲሽ አጣበቅነው። ክዳኖቹ ላይ ፊደል ጻፍኩባቸው። ልጁ ከቅርጫቱ ክዳን ያነሳል፣ ቦታውን ይፈልጋል፣ አዙሮ ያጠብቀዋል። ጨዋታው ይኸው ነው።

በማግኔት ልሥራው ብዬም አስቤ ነበር። ምናለሽ ተራ ላሜራውም የአሮጌ ስፒከር ማግኔቱም አይጠፋም። ግን ትንንሽ ማግኔቶች ከተዋጡ አንጀት ውስጥ እርስ በርስ ተሳስበው ክፉ ጉዳት ያደርሳሉ። ለዚህ ዕድሜ አልደፈርኩትም። ክዳንም ቢሆን በጣም ትንንሽ ልጆችን ሊያንቅ ይችላል። ስለዚህ ጨዋታው ሲያልቅ ክዳን እንቆጥራለን፣ አንድ ከጎደለ ማንም አይወጣም። ቆጠራውንም ወደውታል።

አሁን ወደ ፊደሉ ልምጣ፣ ልቤ ያለው እዚያ ነው። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ልጆቹ «ሀ ሁ ሂ» በዜማ ሲሉት ይጣፍጣል። አንዷን ነጥዬ «ይቺ ማናት?» ስላቸው ግን ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ተነስተው እያዜሙ ነው የሚደርሱባት። ስለዚህ ክዳኖቹን ቀላቅዬ «የሚመሳሰሉትን አንድ መስመር ላይ አድርጓቸው» አልኳቸው። ሌላ ምንም አልነገርኳቸውም።

ቡ፣ ሉ፣ ሱ ተሰበሰቡ። «እጅ ያላቸው» ተባሉ። ቢ፣ ሊ፣ ሲ «ጫማ ያደረጉ» ሆኑ። ቤ፣ ሌ፣ ሴ «ቀለበት ያላቸው»። ካዕብ (ሁለተኛ)፣ ሣልስ (ሦስተኛ)፣ ኃምስ (አምስተኛ) የሚባለውን ሳያውቁ ሥርዓቱን በዓይናቸው አገኙት!

ከዚያ ሩ መጣች። አንዱ ልጅ ምልክቷ ከታች ስለሆነ ከጫማዎቹ ጋር አሰራት። አንዷ ደግሞ «ረ፣ ሩ» እያለች በጣቷ ቆጠረችና «ሁለተኛ ናት፣ ከእጆቹ ጋር ናት» ብላ ፈታቻት። እሱ መልሶ አሰራት። ወደ እኔ ዞረው «ሚስ፣ ሩን የት እናድርጋት?» አሉ። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አልኳቸው። ሌሎቹም ገቡበት። በመጨረሻ ሩ ከእጆቹ መስመር ጫፍ ላይ፣ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች። «እጇን ወደ ታች አድርጋ ነው» ተባለ። ፉም ስትመጣ አጠገቧ አደረጓት። እንዲህ ያለ ክርክር በገበታ ትምህርት ሰምቼ አላውቅም። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ፈትቶ ያሳየዋል። የተጻፈ ነገር ላይ ይህ አይቻልም።

እጃቸውም እየጠነከረ ነው። ክዳን ማዞር ጣትን ያሠራል። ቆሞ፣ ክንድን ዘርግቶ መሥራት ደግሞ ትከሻንና አንጓን ያበረታል፣ እርሳስ የሚያዘው ኋላ በዚህ ጉልበት ነው። ልጅ ቶሎ እንዲጽፍ የሚቸኩሉ ወላጆች ይህን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

አንድ የልጆች መጫወቻ ቦታ በፕሮጀክተር የሚሠራውን አይቻለሁ። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ ልጁ በእጁ ወይም በኳስ ሲመታው ሴንሰሩ ያውቅና ሥዕሉ ይለወጣል። ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ይስቃሉ። ለሰውነታቸው ጥሩ ነው። ያየሁት ግን በጣም ይፈጥናል። ልጁ ሳያስብ ሌላው ይመጣል፣ ስለ ሩ የሚከራከርበት ጊዜ የለውም። ፍጥነቱ በልጁ እጅ ቢሆን ኖሮ እኔም በተመኘሁት።

ብዙ የማስበው ስለ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ኦ ክላስ፣ ከአንደኛ ክፍል በፊት ስላለው ክፍል ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ልጆቹ ይመጣሉ፣ አንድ መምህርት ብዙ ልጅ ይዛ ትቆማለች። የሃይላንድ ክዳን ግን የትም አለ። አናጺም አለ። አንድ ግድግዳ ከተገኘ አራት አምስት ልጅ እዚያ ሲጫወት እሷ ለሌሎቹ ትደርሳለች። ያለችበት ድረስ ሄጄ ብሠራላት ደስታዬ ነው።

ለትንንሾቹ ክፍል ክዳን አይሆንም። ለእነሱ ከጆንያ ኪስ ኪስ ያለው ሰሌዳ ሰፍቼ፣ በጨርቅ የተሠሩ ትልልቅ ቅርጾች እከትበታለሁ። ጆንያውን አጥቤዋለሁ፣ ቅዳሜ መስፋት እጀምራለሁ።