«ደህና ነኝ ኮች» ሲል አላምነውም፦ ከራግቢ የተማርኩት የቅያሪ ሕግ

እሁድ እሁድ ጠዋት ጃንሜዳ የሰፈር ልጆችን እግር ኳስ አሰለጥናለሁ። ዕድሜያቸው 14 እና 15 ነው። አምና አንዱ ተከላካያችን የማዕዘን ምት ሲሻማ በቴስታ ሊያወጣ ዘሎ ከጓደኛው ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨ። ወደቀ። ውሃ አፈሰስንበት፣ ተነሳ፣ ተጨበጨበለት። «ደህና ነኝ ኮች» አለኝ።

ራግቢ በቲቪ አያለሁ። እዚያ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ይወጣል፣ ጊዜያዊ ቅያሪ ይገባለታል፣ 12 ደቂቃ ይመረመራል፣ ካለፈ ይመለሳል። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። አጠገቤ አስቀመጥኩትና ጠየቅኩት። የት ሜዳ ነን? መጨረሻ ማን አገባ? ባለፈው ሳምንት ከማን ጋር ተጫወትን? ሁሉንም መለሰ። አስገባሁት።

ያላየሁት ነገር ነበር። እዚያው ወንበር ላይ ሆኖ «ስንት ለስንት ነን?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠይቆኛል፣ እኔም ዓይኔ ጨዋታው ላይ ስለነበር ሦስቱንም ጊዜ ዝም ብዬ መልሼለታለሁ። ማታ እናቱ ደወሉ፣ እያስታወከ ነው። ሐኪም ቤት ወሰድነው። ተርፏል፣ ግን ወር ሙሉ ደብተር ገልጦ ሲያነብ ራሱን ያመው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ሕጉን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። ያ 12 ደቂቃ የኛ ዓይነት ጨዋታ አይመለከትም። የሠለጠነ ሐኪም ላላቸው ለትልልቆቹ ውድድሮች ብቻ ነው። እነሱም ቢሆኑ ራሱን የሳተ፣ የተንገዳገደ ወይም የተንቀጠቀጠ ተጫዋች ምርመራ ሳይጠብቁ ያስወጡታል፣ አይመለስም። ሐኪም በሌለበት የአማተርና የታዳጊ ራግቢ ደግሞ ሕጉ አንድ ነው፦ ከተጠራጠርክ አስወጣ፣ በዚያ ቀን አይመለስም። ምክንያቱም አንጎል ሳያገግም ሁለተኛ ምት ካገኘው ሊያብጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት ራግቢ ተመትቶ ጨዋታውን ቀጠለ፣ ሞተ። ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጆቼ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

ለውድድሩ አዘጋጆች ይዤው ሄድኩ። ችግሩ የአሰልጣኞች ጭካኔ አይደለም፣ የቅያሪ ቁጥር ነው። ቅያሪህን ጨርሰህ ልጅ ከተመታብህ ወይ በ10 ሰው ትጫወታለህ ወይ ልጁን ታስገባዋለህ፣ እና 1 ለ 0 እየመራህ ከሆነ የቱን እንደምትመርጥ እናውቃለን። ስለዚህ የጭንቅላት ቅያሪ ከቁጥሩ አይቆጠርም አልን። ቀድሞ ተቀይሮ የወጣ ልጅም ለተመታው ተመልሶ መግባት ይችላል፣ ይህም ከራግቢ የመጣ ነው፤ ተጠባባቂያችን ሦስት ልጅ ብቻ ስለሆነ ያለዚህ አይሠራም ነበር። «ያስመስላሉ» ያሉ ነበሩ። በጭንቅላት የወጣ ልጅ ሦስት ሳምንት እንደማይጫወት ስንጨምርበት ክርክሩ ቆመ፣ ለአንድ ቅያሪ ብሎ ጥሩ ተጫዋቹን ሦስት ሳምንት የሚያጣ አሰልጣኝ የለም።

ውሳኔው የዳኛው ነው። የኔም የልጁም አይደለም፣ እኔ ማሸነፍ እፈልጋለሁ፣ እሱ መጫወት ይፈልጋል። ኒውዚላንድ ውስጥ ዳኛው ሰማያዊ ካርድ ያሳያል፤ እኛም ከሰማያዊ ደብተር ሽፋን ቆርጠን ሠራን።

ባለፈው እሁድ በረኛችን የአጥቂ ጉልበት ጆሮ ግንዱን መታው። ካርዱ ወጣ። አባቱ ከዳር ሆነው «ልጄ እኮ ደህና ነው!» አሉ። ልጁ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ፣ እንደገና አወለቀ። አባቱን ጠራኋቸውና ዝም ብለው እጁን እንዲያዩ ነገርኳቸው። ትንሽ አዩት። ከዚያ ጃኬታቸውን አውልቀው አለበሱትና ታክሲ ፍለጋ ወደ ስድስት ኪሎ መንገድ ወጡ።