ከሐረር የተላኩ ደብዳቤዎች የደረሱባት መንደርና የነዋሪዎቿ ቁጥር

ጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» ወዴት እንደሆነ ለእንግዳ የማያሳይ የሐረር ልጅ አይገኝም፤ ሰውየው፣ ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ አርተር ራምቦ፣ እዚያ ቤት መኖሩ ቢያጠራጥርም። ደብዳቤዎቹን ይልክባት የነበረችውን ሮሽን ግን የሚያነሣት የለም። የእናቱ እርሻ በዚያች መንደር፣ በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በአርደን አውራጃ፣ ከአቲኚ ከተማ አቅራቢያ ነበር። ሮሽ አሁን ሹፊዪ-ሮሽ የምትባል ኮሙን አካል ስትሆን፣ የኮሙኑ ሕዝብ በጠቅላላ መቶ አይሞላም።

ኮሙን የፈረንሳይ አስተዳደር የታችኛው እርከን ነው። ወደ 35,000 ያህል ኮሙኖች አሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ500 ሰው በታች የሚኖርባቸው ሲሆኑ፣ ነዋሪ ስላነሰ ብቻ ከንቲባ የሚያጣ የለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከወደሙት የቨርደን አካባቢ መንደሮች ስድስቱ አንድም ነዋሪ ሳይኖራቸው እስከ ዛሬ ከንቲባ ይሾምላቸዋል። ይህን ከመጠን ያለፈ ግትርነት የሚለው ይኖራል፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል።

የሕዝብ ቆጠራው እ.ኤ.አ. በ1801 ተጀምሮ፣ ከ1831 ወዲህ ጦርነት ካላቋረጠው በቀር በየአምስት ዓመቱ ሲካሄድ እስከ 1936 ቀጥሏል። ከ1836 ጀምሮ በየመንደሩ የስም ዝርዝር ይዘጋጅ ስለነበር፣ የእያንዳንዱ ቤት አባወራ፣ ሚስት፣ ልጆችና አሽከር ከዕድሜያቸውና ከሥራቸው ጋር በተራ ተመዝግበዋል። ዛሬም ከ10,000 ሰው በታች ባላቸው ኮሙኖች፣ በማዘጋጃ ቤቱ የተቀጠረ ቆጣሪ በየአምስት ዓመቱ ቤት ለቤት ይዞራል።

የአርደን ገጠር የተራቆተው በጦርነት ነው የሚለው አባባል የተለመደ ቢሆንም፣ ቁጥሩ በከፊል ብቻ ይደግፈዋል። አውራጃው ከ1914 እስከ 1918 ሙሉ በሙሉ በጀርመን ጦር ተይዞ ነበር፤ የራምቦ ቤተሰብ ቤትም በ1918 በማፈግፈግ ላይ በነበረው ጦር ፈርሷል፤ በ1940 ደግሞ ሕዝቡ ወደ ምዕራብ ፈረንሳይ ተሰዷል። ሆኖም የአውራጃው ሕዝብ ጣራ የደረሰው ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በ1880ዎቹ ነበር፤ ያኔ ከ330,000 የበለጠው ሕዝብ አሁን ወደ 270,000 ገደማ ወርዷል። የገጠሩ ወጣት ከጦርነቱ አስቀድሞ ወደ ሰዳንና ሬንስ የሱፍ ፋብሪካዎች እንዲሁም ወደ ፓሪስ መጉረፍ ጀምሮ ነበር። ሰማንያ ሰው ባለበት መንደር ባልና ሚስት ከአራት ልጆቻቸው ጋር ጓዛቸውን ጠቅልለው ቢሄዱ፣ ከመቶ ሰባት ተኩል የሚሆነው ሕዝብ በአንድ ቀን ይጎድላል። ስለዚህ የትንሽ ኮሙን ሠንጠረዥ ሲነበብ ከሁለት ቆጠራዎች ልዩነት ይልቅ የረጅም ጊዜውን አካሄድ ማየት ይሻላል።

ራምቦ የተወለደው በከተማ፣ በሻርልቪል ቢሆንም፣ ቤተሰቡን ትቶ ከሄደው ከዚያ ትውልድ ጋር ይቆጠራል። በ1891 ኤፕሪል ፈረንሳይ ሕዝቧን ስትቆጥር፣ እሱ ጉልበቱ አብጦ በቃሬዛ፣ 16 ሰዎች እየተፈራረቁ ተሸክመውት፣ ከሐረር ወደ ዘይላ እየወረደ ነበር። ማርሴይ ላይ እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ሮሽ የሰነበተው አንድ ወር ያህል ብቻ ነው፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 10 ማርሴይ ውስጥ በ37 ዓመቱ ሞተ።

በእኛ በኩል አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። በመጨረሻው ቆጠራ የሐረሪ ክልል ሕዝብ 183,415 ነበር፤ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለሆነም ዛሬ ጀጎል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር ለሚጠይቅ የሚሰጠው መልስ ከግምት አያልፍም።