ከአሜሪካ ምርጫ ማግስት ምን ይለወጣል? መጀመሪያ ፈራሚው ማን እንደሆነ እንይ

አሜሪካ የምርጫ ውጤት በታወቀ ሰሞን በየሐበሻው ቤት የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ወረቀታችን ምን ይሆን? መልሱን ከቅስቀሳ ንግግር መፈለግ ያሳስታል። ተመራጩ የፎከረበትን ለመፈጸም ምን ዓይነት ሰነድ ያስፈልገዋል? ሰነዱን የሚፈርመውስ ማነው? ይህን የለየ ሰው ለውጡ በሳምንት ይምጣ ወይም ዓመታት ይፍጅ፣ በአብዛኛው አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል።

ፕሬዚዳንቱ ብቻውን የሚፈርመው ጉዳይ ጃንዋሪ 20 ቀትር ላይ ሥልጣን እንደያዘ ሊጀመር ይችላል። በየዓመቱ በስደተኛነት (ሬፊውጂ) የሚገቡትን ሰዎች ቁጥር የሚወስነው እሱ ስለሆነ፣ በ2025 በዚያው ዕለት የተፈረመው ትእዛዝ የስደተኞች ቅበላን ከጃንዋሪ 27 ጀምሮ አቆመ። ሕገ መንግሥቱን የሚነካ ሲሆን ግን መንገዱ ሌላ ነው። በትውልድ የሚገኝ ዜግነትን የሚገድበው ትእዛዝም የተፈረመው በዚሁ ቀን ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሲያትል ያለ የፌዴራል ዳኛ አገደው።

እግድ ተሰማ ማለት ነገሩ ሞተ ማለት አይደለም። በ2017 የወጣው የመጀመሪያው የጉዞ ክልከላ ታገደ፣ ሁለተኛው ተተካ፣ በሴፕቴምበር ሦስተኛው ወጣ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2018 ያጸናው ይህንኑ ሦስተኛውን ነው። ፖሊሲው ሲታገድ ተሻሽሎ የሚጻፈውን መጠበቅ ይገባል።

በብዛት የሚያደናግረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ደንብ ነው። መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ ረቂቁን በፌዴራል ሬጅስተር ያወጣል (እንደኛ ነጋሪት ጋዜጣ ያለ ነው፣ የሚታተመው ግን በየሥራ ቀኑ ነው)። ከዚያ የሕዝብ አስተያየት ይቀበላል፣ ብዙውን ጊዜ 30 ወይም 60 ቀን። አስተያየቱን መርምሮ ምላሽ ካልሰጠበት ፍርድ ቤት ሊጥለው ይችላል። «ፐብሊክ ቻርጅ» የተባለውን፣ የመንግሥት እርዳታ ጥገኛ ይሆናል የተባለ አመልካች ግሪን ካርድ እንዲከለከል የሚያደርገውን ደንብ እንውሰድ። ረቂቁ ኦክቶበር 10 ቀን 2018 ወጣ፤ የመጨረሻው ደንብ ኦገስት 14 ቀን 2019 ታተመ፤ ኦክቶበር 15 ሊጀምር ሲል ታገደ፤ ሥራ ላይ የዋለው ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2020 ነው። ከ2016ቱ ምርጫ ከሦስት ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በማርች 2021 ደግሞ ተሻረ። በዚህ መሀል ብዙ ቤተሰብ ገና ረቂቅ እያለ ፈርቶ ፉድ ስታምፕና ሜዲኬይድ (ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚሰጡ የምግብና የሕክምና እርዳታዎች) ተወ። ጥገኝነት ያገኙና በስደተኛነት የገቡ ሰዎች ከደንቡ ነፃ ነበሩ፤ የልጆች ጥቅማ ጥቅምም በወላጅ ላይ አይቆጠርም ነበር። እንጀራ ከልጅ አፍ የነጠቀው ደንቡ ሳይሆን ወሬው ነበር፣ ይህም እጅግ ያሳዝናል። ስለዚህ ዜና ስትሰሙ ሰነዱን አውጥታችሁ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀንና ነፃ የተደረጉትን ሰዎች።

አገራቸው በጦርነት ወይም በአደጋ ላይ ያለ ሰዎች አሜሪካ እንዲቆዩ የሚፈቅደው ጊዜያዊ ከለላ፣ ቲፒኤስ፣ የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከ6 እስከ 18 ወር ነው። ሕጉ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ ጊዜው ከማለቁ ቢያንስ 60 ቀን ቀድመው እንዲወስኑ ያዛል፤ የማቋረጥ ማስታወቂያም ከታተመ 60 ቀን ሳይሞላው አይጸናም። ለኢትዮጵያውያን ዲሴምበር 12 ቀን 2022 የጀመረው ከለላ አንዴ ተራዝሞ እስከ ዲሴምበር 12 ቀን 2025 ደረሰ። የአስተዳደሩን አቋም የሚከታተል ሰው አደጋው የሚመጣበትን ወቅት ከዓመት በፊት ማየት ይችል ነበር። ቲፒኤስ ያለው ሰው ጥገኝነት ወይም በቤተሰብ በኩል ግሪን ካርድ የመጠየቅ ዕድል እንዳለው ከጠበቃ ጋር መመርመር ያለበት ማብቂያው ሳይቀርብ ነው።

ሕግ የሚጠይቀው ለውጥ ከሁሉም ይዘገያል። በሴኔት ተራ ሕግ ክርክሩን ዘግቶ ለማለፍ 60 ድምፅ ይሻል፤ ግብርና በጀት ነክ ሲሆን በልዩው የበጀት መንገድ 51 ይበቃል። ያም ቢሆን ዋስትና አይደለም፤ በጁላይ 2017 ሪፐብሊካኖች 52 መቀመጫ ይዘው የኦባማን የጤና ሕግ ለመሻር ያቀረቡት 49 ለ51 ወደቀ።

የሚመጣውን ደንብ ቀድሞ ለማየት፣ መሥሪያ ቤቶች የሚያዘጋጇቸው ደንቦች ዝርዝር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመኸር ስም ይወጣል። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ቀኖች ብዙ ጊዜ አይከበሩም። ይልቅ የሚታመነው ደንቡ ወደ ዋይት ሐውስ የበጀት ቢሮ ለምርመራ መላኩ ነው፤ ምርመራው በመደበኛው እስከ 90 ቀን ይወስዳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው እርምጃ መታተም ነው።