ፍራሹ የማይቀዘቅዝበት ቤት

ትናንት ማታ አከራዬ ቡና ጠሩኝ። ጉዳዩ ሌላ መሆኑን ከአቦሉ በፊት ጠረጠርኩ። ሲኒውን ሳያቀብሉኝ ዐይናቸውን ረከቦቱ ላይ ተክለው፣ “ልጄ፣ ከመስከረም ጀምሮ አምስት መቶ ብር ጨምርልኝ” አሉኝ። ቀጥለውም፣ “አብሽር፣ ደግሞ እንዳትቀየመኝ።”

“እሺ እትዬ” አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። የእኛ ውል ግን ቡና ላይ የተነገረ ቃል ነው።

ለእህቴ ልጅ ደውዬ ብነግረው፣ “ካፒታሊዝም ነው፣ አጎቴ” ብሎ ደመደመው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። ለአራት በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ሌሊት ስለሚሠሩ፣ ፍራሹ ሳይቀዘቅዝ ባለተራው ይተኛበታል። ፓርኩ በ2009 ተመርቆ ሠራተኛ ሲጎርፍ፣ ጓሮ ያለው ሁሉ ሰርቪስ ቤት ቀጠለ፤ ኪራዩም አብሮ ወጣ። በዚህ በኩል ልጁ እውነት አለው። ገንዘብ ያለው ሰው ሆቴልና ፎቅ ይሠራል እንጂ ለልብስ ሰፊ ደመወዝ የሚመጥን ቤት አይሠራም፤ አያዋጣውም።

እኔ ግን ያደግሁት ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ፣ በቀበሌ ቤት ነው። ደርግ በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ሲወርስ፣ ኪራዩ እስከ መቶ ብር የነበረው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ። አባቴ በወር ሰባት ብር ይከፍል ነበር፤ ደረሰኞቹን በክር አስሮ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ሰባት ብር ደግሞ ቆርቆሮ አይቀይርም። ክረምት ሲገባ እናቴ ሦስት ሣፋ ታወጣለች፤ የትኛው የት እንደሚቀመጥ በጨለማም እናውቀው ነበር። ቤት ሠርቶ ማከራየት ስለተከለከለ የሚሠራ ጠፋ፤ ልጅ ሲያገባ የሚገባበት ክፍል አጣ። ያኔ ካፒታሊስት የሚባል ሰው በሰፈራችን አልነበረም።

ዛሬስ? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ያው መሬት ግን ለሊዝ ጨረታ ይወጣል፤ ያሸነፈበትን ዋጋ ሰውየው ከተከራይ ሳይሆን ከማን ይለቅማል? ታዲያ ካፒታሊስቱ ማን ነው? በሁለት ክፍል ኪራይ የሚተዳደሩት መበለቷ እትዬ?

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። ሲንጋፖርንም ጨመርኩለት፤ ካፒታሊስት አገር ሆና ከአምስት ሰው አራቱ ገደማ መንግሥት ባሠራው ቤት ይኖራል።

“ታዲያ እዚህ ማን ይሥራልን?” አለኝ። ዝም አልኩ። እሱም የሌሊት ፈረቃ ስለነበረው ተሰናበተኝ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ነቅቼ አዳመጥኩት፤ የእትዬ ጣሪያ አያፈስም።