ሰባት ቤት ሳይቆጠር

ጎንደር መናኸሪያ የደረስኩት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ረዳቱ «ደባርቅ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ሲጮህ ሚኒባሱ ውስጥ የነበርነው አራት ብቻ ነን። እስኪሞላ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥን፤ ስለ ፒሬኒስ ተራሮች ድቦች ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩትን አንብቤ የጨረስኩት ያኔ ነው። አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን በእንቅልፍ አለፍኳቸው።

በማግስቱ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ ጨነቅ ላይ፣ ከስካውቱ (ከፓርኩ ጠባቂ) ጋር ገደል አፋፍ ተቀመጥን። ከበታቻችን አንድ ወንድ ዋልያ የአስታ ዛፍ ቅጠል ይቀነጥሳል፤ ቀንዱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ጀርባውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ከሰኮናው ሥር ጠጠር ተፈንቅላ ስትወርድ ሰማናት። ስታርፍ ግን አልሰማንም።

የድቡን ነገር አነሣሁባቸው። ፈረንሳይና ስፔን ድንበር ተራራ ላይ በጣት የሚቆጠር ሲቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1996 እና 1997 ከስሎቬኒያ ሦስት አምጥተው ለቀቁ፤ ሁለቱ ሴቶች እርጉዝ ነበሩ።

«ምን ይበላል?»

«ፍሬውንም ሥራሥሩንም። ሲያገኝ በግ።»

«ባለ በጉስ ዝም አለ?»

የት ዝም ይላል! እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ሴት ድቦች ሲጨመሩ ገበሬው መንገድ ስለዘጋ በሄሊኮፕተር ነው የገቡት። ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፤ የጊች ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 መንደሩ ለፓርኩ ሲባል ተነሥቶ ደባርቅ ሲሰፍር አብረው ተነሥተዋል።

«እነዚያ አውሬውን ሰው መሀል አስገቡ፤ እኛ ለአውሬው ብለን ወጣን።»

በዓመቱ ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት የዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ወጣ። መነሣታቸው ለዋልያው በጅቷል ባይ ነኝ፤ ፊታቸው ግን አልደፈርኩም።

ድቦቹ ዛሬ ከ80 በላይ ናቸው። ችግሩ፣ ከመጀመሪያዎቹ ግልገሎች የአብዛኞቹ አባት ፒሮስ የተባለው አንድ ወንድ ነው፤ ሌላ ደም የሚፈለገውም ለዚሁ ነው።

«ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ ነዋ የሚጋቡት!» አሉ። ከዚያ ወደ ገደሉ አዩ። «ለዚህስ ከየት ሊመጣለት ነው፣ ልጄ?»

ዋልያ በዱር የሚኖረው ሰሜን ተራሮች ላይ ብቻ ነው፤ ስሎቬኒያ የለውም። ያለው ይኸው ጥቂት መቶ ነው።

አስታውን ትቶ ወደ ታች ወረደ። ጋሼ ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሡ፤ ሾፌራችን ጥሩምባ ይነፋ ጀምሯል።